የጋሽ ይቆይ የዓይን ቀጠሮ

ጋሽ ይቆይ የሚለውን ስም ያወጣሁላቸው እኔ ነኝ፤ ይቅርታም አልጠይቅበትም። ሃያ ስድስት ዓመት አንድ ክፍል ውስጥ አብሬያቸው ስቀመጥ ከአፋቸው ደጋግሞ የሚወጣው ቃል እሱ ነበር። «ጋሼ፣ ይሄን ገጽ ልተይበው?» «ይቆይ።» «ጋሼ፣ ምሳ ሰዓት አለፈ እኮ።» «ይቆይ።» አንዴማ ዝናብ ጥሎ ጣሪያው በላያቸው ላይ ሲያፈስ፣ «ጋሼ፣ ኧረ እየበሰበሱ ነው!» ብዬ ጮህኩ። ቀና ብለው አዩና ወንበራቸውን ወደ ግራ ሳብ አድርገው፣ «ይቆይ» አሉኝ። ኤዲያ! ምን ኃጢአት ብሠራ ነው ከእንዲህ ያለ ሰው ጋር ዕድሜዬን የጨረስኩት?

ሥራችን መዝገበ ቃላት ነበር። የጥንት ግሪክ ቃላትን ወደ ራሳችን ቋንቋ የሚፈታ። እሳቸው ይመረምራሉ፣ እኔ እተይባለሁ። ክፍላችን ሁለተኛ ፎቅ ላይ ከመጸዳጃ ቤቱ ቀጥላ ያለችው ናት፤ አንድ መስኮት፣ ሁለት ጠረጴዛ፣ አንዱን ግድግዳ ከዳር እስከ ዳር የሞላ የእንጨት መሳቢያ። መሳቢያዎቹ ውስጥ ካርድ ነው ያለው። አንድ ቃል በየትኛው መጽሐፍ፣ በስንተኛው መስመር፣ በምን ትርጉም እንደገባ በአንድ ካርድ ላይ ይጻፋል። ጋሽ ይቆይ ደግሞ በገዛ ዓይናቸው መጽሐፉን ገልጠው ያላዩትን ነገር ካርድ ላይ አያሰፍሩም። ሌላ ሰው ገልብጦ ቢያመጣላቸው፣ «እሱ ያየውን እሱ ይጻፈው» ብለው ይመልሱታል። በዚህ አያያዝ ለአምስት ዓመት ተብሎ የተጀመረው ሥራ ሃያ ስድስት ዓመት ሞላው።

ድሮ አስተማሪ ነበሩ። ግሪክኛውን የተማሩት አንድ ጡረታ የወጡ የቋንቋ መምህር ዘንድ ከሥራ በኋላ እየሄዱ ነው፤ አውቶቡስ ውስጥ ቆመው እያጠኑ፣ ስንት ጊዜ መውረጃቸው እንዳለፋቸው እራሳቸው አጫውተውኛል። ሚስታቸው ከሞቱ በኋላ ከአንዲት ልጃቸው ጋር ነው የሚኖሩት። ልብስ ሰፊ ናት፤ የሳቸውን ኮት አሥር ጊዜ የጠጋገነች፣ እጇ የተባረከ ልጅ።

ሌላው ጣጣ የካርድ ነገር ነው። ግምጃ ቤቱ ካርድ መግዛት ካቆመ ዓመታት አልፈዋል። ጋሽ ይቆይ ታዲያ ጀርባው ባዶ የሆነ ጠንከር ያለ ወረቀት ካገኙ መቀስ ያነሳሉ። የስብሰባ ጥሪ በሉት፣ የሰርግ መጥሪያ፣ የሳሙና ካርቶን፣ በልኩ ቆርጠው ጀርባው ላይ ይጽፉበታል። ፊት ለፊቱ ላይ ምን እንዳለ አያዩትም፤ ለሳቸው ወረቀት የሚባለው ባዶው ወገን ብቻ ነው። ኃላፊያችን አንድ ቀን መሳቢያ ከፍቶ፣ ሥራ አፋጥኑ ብሎ የጻፈውን የራሱን ደብዳቤ አራት ቦታ ተቆርጦ ጀርባው ላይ ግሪክኛ ተጽፎበት አገኘው። ሰውዬው ቆሽቱ ድብን ብሎ ወጣ፤ እኔ ሳቄን ለመደበቅ ጠረጴዛ ሥር ገባሁ።

በመጨረሻው ዓመት የደረስነው «ባሎ» የሚባለው ግስ ላይ ነበር። መወርወር ማለት ነው። እሱስ ቀላል ነው፤ መከራ ያሳዩን ልጆቹ ናቸው። ወደ ላይ መወርወር ካለው ላይ «አናባሎማይ» ይወጣል፤ ነገሩን ለሌላ ቀን ማስተላለፍ። ከዒላማው አሳልፎ መወርወር ካለው ደግሞ «ሂፔርባሎ»፤ መብለጥ፣ ከልክ ማለፍ። ድስት ሲገነፍልም በዚሁ ግስ ነው የሚናገሩት። ጋሽ ይቆይ በዚህ ተነስተው የመዘግየት ዘመድ አዝማድ የሆነውን ግስ ሁሉ አንድ ላይ ሰብስቤ ካልመረመርኩ አሉ። ላድርግ ላድርግ እያለ የሚቆየው «ሜሎ»፣ ፈርቶ የሚያመነታው «ኦክኔኦ»፣ ጊዜውን እያሸ የሚጨርሰው «ዲያትሪቦ»፣ ሁሉም ከየፊደል ተራቸው ተነቅለው ሦስተኛው መሳቢያ ውስጥ ገቡ።

«ጋሼ፣ ሰው ይስቅብናል እኮ! ስለ መዘግየት ለመጻፍ ዓመት ፈጀን» አልኳቸው።

ከት ብለው ሳቁ። ሲስቁ ደስ ይላሉ፤ የተናደደ ሰው ንዴቱን የት እንዳስቀመጠው ይጠፋዋል።

ዓይናቸው እንደታመመ ያወቅሁት በዚያው ሰሞን ነው። የሻይ ብርጭቆውን ከጠረጴዛው ጠርዝ አልፈው አየር ላይ አስቀመጡት። በማግስቱ በትከሻቸው የበሩን መቃን ገጩ። ልጃቸው ሐኪም ቤት ወሰደቻቸው፤ የዓይን ግፊት ነው፣ የቀኙ ቶሎ ቀዶ ጥገና ካልተደረገለት ይጠፋል፣ የጠፋውን ደግሞ ማንም አይመልሰውም ተባለ። ቀጠሮ ተሰጣቸው፤ ሜሎ ላይ ነበሩና አስተላለፉት። ሁለተኛ ተሰጣቸው፤ ያንንም። በሁለተኛው ቀጠሮ ቀን ልጅቱ ክፍላችን ድረስ መጣች።

«አባዬ፣ ስትታወር ማን ያነብልሃል?»

«ልጄ፣ ይቺን መሳቢያ ልጨርስና እግሬን አንስቼ እሄዳለሁ።»

«ስንት ሰው ወረፋ እየጠበቀ ነው እኮ! ሐኪሙ ከሦስት በላይ አልቀጥርም ብሏል። ሰምተኸኛል?»

ሰምተዋታል። ሦስተኛውን ቀጠሮ ብቻቸውን ሄደው ተቀበሉ። «ገና ነው፣ ሲደርስ እነግርሻለሁ» አሏት። እሷም ካርዱን ኪሳቸው ውስጥ አይታ፣ ቀኑን ሳታነብ አመነቻቸው።

ወራት አለፉ። አንድ ማክሰኞ ጠዋት በሩን ሳታንኳኳ ገባች። ላቧ በግንባሯ ይወርዳል። የቀጠሮው ካርድ ቤት ውስጥ የለም፤ ኪሱን ሁሉ ፈትሻለች፣ ፍራሽ ገልብጣለች። ሐኪም ቤት ብትደውል ካርዱ ላይ ያለውን ቁጥር ካላመጣሽ መዝገብ አንፈልግም ብለዋታል።

«አባዬ፣ የት ነው ያደረግኸው?»

ጋሽ ይቆይ ማጉያ መነጽራቸውን አስቀመጡ። «ጠንካራ ካርድ ነበረች» አሉ። «ጥሩ ካርድ ነበረች።»

ሦስታችንም ወደ መሳቢያዎቹ ዞርን። ዐሥራ ስምንት ሺህ ካርድ! ልጅቱ የመጀመሪያውን መሳቢያ ስባ አንድ በአንድ መገልበጥ ጀመረች። አላስቻለኝም፤ ሦስተኛውን ከፈትኩና ከመሃል አወጣሁላት። በአንድ ወገን አናባሎማይ፣ የጋሽ ይቆይ ደቃቅ ጽሑፍ። በሌላው ወገን የሐኪም ቤቱ ማኅተም፣ ቁጥሩ፣ ቀኑና ሰዓቱ። ቀኑ ካለፈ አሥራ ሦስት ቀን ሆኖታል።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ እትዬ» አለችኝ። «እርስዎ ባይኖሩ ማን ያገኘው ነበር?» አባቷን ክንዳቸውን ይዛ እያጣደፈች ወሰደቻቸው።

አለቀሰች፣ ለመነች፣ ሐኪሙ አዘነና አያቸው። የቀኙ ጠፍቷል። በቀጠሮው ቀን ቢመጡ ኖሮ ይተርፍ ነበር ወይ ብላ ብትጠይቀው፣ ምናልባት አላት። የግራውን ቀዶ ጥገና አደረገላቸው፤ አሁን በሱ የሚያዩት በቁልፍ ቀዳዳ የሚታየውን ያህል ነው። ማንበብ በቃ።

እንግዲህ ሆድ ይፍጀው ብዬ የተውኩትን ላውጣው። ያን ካርድ የተየብኩት እኔ ነኝ። እኔ ደግሞ እንደሳቸው አይደለሁም፤ ካርድ ሳይገለበጥ አያልፈኝም። የማን ሰርግ እንደሆነ፣ የምን ሳሙና እንደሆነ ማየት ደስታዬ ነው፤ ሌላ ምን ደስታ ነበረኝ? ገለበጥኩት። ቀጠሮው ሊደርስ አሥራ አንድ ቀን ቀርቶታል። አፌን ከፈትኩ፤ ወዲያው ዘጋሁትና ካርዱን ጠረጴዛዬ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት።

ኃላፊያችን በዚያው ሳምንት፣ የመጀመሪያው ቅጽ በወሩ መጨረሻ ካልገባ ክፍሉን ለሌላ እንሰጠዋለን ብሎን ነበር። አርባ ሦስት ካርድ ብቻ ነው የቀረን። እኔም በወሩ መጨረሻ ጡረታ እወጣለሁ። ጋሽ ይቆይ ደግሞ «ስምሽ መቅድሙ ላይ ይገባል» ብለውኝ ነበር። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ስሜ ከደመወዝ መክፈያው በቀር የትም ተጽፎ አያውቅም። ሐኪም ቤት ከገቡ ወር ይተኛሉ፤ ከተኙ ሥራው አከተመለት። አርብ እነግራቸዋለሁ አልኩ። አርብ ስድስት ካርድ ጨርሰው እያፏጩ ነበር፤ ሰኞ ይሻላል አልኩ። ሰኞ መብራት ጠፋ፣ በመስኮቱ ብርሃን ተጎንብሰው ሲሠሩ ዋሉ። ነገ አልኩ። እሳቸውን ይቆይ እያልኩ ስሳለቅ የኖርኩት ሴትዮ!

ቀኑ ረቡዕ ነበር፤ ጠዋት ሦስት ሰዓት። ፊት ለፊቴ ተቀምጠዋል። ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ እንኳ ብነግራቸው በታክሲ ይደርሱ ነበር። ሰዓቴን አየሁ፤ ሦስት ሆነ። ሦስት ከሩብ ሆነ። መተየቤን አላቆምኩም። ማታ ሁሉም ሲወጣ ካርዱን ከጠረጴዛዬ መሳቢያ አወጣሁና ቦታው ላይ መለስኩት። ቅጹ በቀኑ ገባ። መጽሐፉ ታትሟል፤ ስሜም መቅድሙ ላይ፣ አራተኛው ገጽ ታችኛው መስመር ላይ አለ።

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ከሰዓት ከሰዓት ቤታቸው እየሄድኩ የሁለተኛውን ቅጽ ረቂቅ አነብላቸዋለሁ። ማንም አላዘዘኝም። ባለፈው ሳምንት አንድ ገጽ መሃል ላይ ማንበቤን አቆምኩ። ወረቀቱን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ አሥራ አንዱን ቀን፣ አርቡን፣ ሰኞውን፣ ረቡዑን።

ፊታቸው ወደኔ ዞሯል፤ ግን ወደ ጆሮዬ አካባቢ ነው የሚያዩት።

«ሦስት ሰዓት ላይ ምን እሠራ ነበር?» አሉኝ።

«ሂፔርባሎን።»

«ስንት ቀርቶን ነበር?»

«ሰባት።»

«ሰባት» አሉ። ይስቃሉ ብዬ ነበር። አልሳቁም። ይቆጡኛል ብዬም ነበር፤ ምነው በተቆጡኝ! እጃቸውን ዘርግተው ረቂቁን ከጉልበቴ ላይ በዳሰሳ ፈለጉት፣ አገኙት፣ ወደ ራሳቸው ሳቡት። የማያነቡትን ወረቀት ደረታቸው ላይ ይዘው ተቀመጡ።

«ካሁን በኋላ ልጄ ታነብልኛለች» አሉ።

«እሺ ጋሼ።»

«አንድ ነገር ብቻ። እንዳትነግሪያት።»

«ማወቅ አለባት እኮ።»

«አለባት። ግን እኔን ይቅር ብላ አልጨረሰችም። አንቺም ከተጨመርሽባት አትችለውም።»

የውጭው በር ተከፈተ። ልጅቱ ከሥራ መጣች፤ በክንዷ ሰማያዊ ጨርቅ ይዛለች፤ ጥሩ ጨርቅ፣ ዋጋው የሚያስደነግጥ። አባቷን ሳመችና ወደኔ ዞረች። ድካሟ ከፊቷ ላይ ለቅጽበት ጠፋ።

«እትዬ፣ ዛሬ እምቢ እንዳይሉኝ። ያቺን ካርድ ካገኙልኝ ቀን ጀምሮ እንዲህ ያለ ጨርቅ ስፈልግልዎት ነበር። ሙሉ ቀሚስ ነው የምሰፋልዎት።»

«ተዪው ልጄ፣ ምን ያደርግልኛል?»

«አልተውም! ይቁሙ፣ ልለካዎት።»

ጋሽ ይቆይን አየኋቸው። ረቂቁን እንደያዙ አንገታቸውን ደፍተዋል። ቆምኩ።

«እጅዎን ከፍ ያድርጉልኝ» አለችኝ።

ሁለቱንም እጄን ከፍ አደረግሁ፤ እሷም ከሥሬ ተንበርክካ ቁመቴን መለካት ጀመረች።