እጄ እንዲረጋ ካራቴ የገባሁ ጊዜ

በደርግ ዘመን፣ ሃያ ዓመቴ ላይ፣ በጨርቃጨርቅ ፋብሪካ የሥዕል ክፍል ለመቀጠር ከደሴ ኮምቦልቻ ወርጄ ተፈተንኩ። ፈተናው ሲያዩት ቀላል ነው፤ ክንድ በሚያህል ወረቀት ላይ የአበባ ግንድ በብሩሽ፣ ያለ ማስመሪያ፣ እጅ ሳያነሱ ማውረድ። የእኔ ግንድ ግን ቆላ ሐርቡ ወርዶ ወባ የያዘው ሰው የሳለው መሰለ። የክፍሉ ኃላፊ ደግ ሰው ነበሩና ከሦስት ወር በኋላ አንድ ጊዜ ብቻ ደግሜ እንድሞክር ፈቀዱልኝ። ከሥዕል ሌላ የምችለውም የምወደውም ሥራ አልነበረኝም።

ደሴ ያኔ በካራቴ አብዳ ነበር። ፒያሳ አጠገብ አንድ ግቢ ውስጥ የሚሰጠው ትምህርት እጅ ያረጋል ሲባል ሰምቼ፣ የወንድሜን ሱሪ በገመድ አስሬ ሄድኩ። አባቴ ልብስ ሰፊ ነው፤ ልጁ ገና ያላገኘችውን ባል ለመደብደብ ከወዲሁ እየተሰናዳች እንደሆነ ለደንበኞቹ ሁሉ አወራ።

ሃያ ጎረምሶችና እኔ ነበርን። ማስተር የምንለው አስተማሪያችን መጀመሪያ ዓይናችንን አስጨፍኖ ትንፋሻችንን እንድንከታተል ያደርገናል። አንዱ ጎረምሳ ሁልጊዜ ያንኮራፋል። እኔም የምቸኩለው ወደ ቡጢው ነበር። የጠነከረ እጅ ይረጋል ብዬ በቡጢዬ ተደግፌ ፑሽአፕ ስሠራ ሰነበትኩ፤ ቤት ገብቼ ብሩሽ ስይዝ እጄ ከበፊቱ ብሶ ተንቀጠቀጠ። ቅንድብ አስተካክላለሁ ብላ ዓይን አጠፋች ማለት እኔ ነኝ። ለማስተሩ ብነግረው ስቆ፣ ወረቀቱን እየተደባደብሽው ነው፣ ፑሽአፑን ተይና ቁጭ ብለሽ ተንፍሺ አለኝ። በጣም ተናደድኩ።

አባቴ ከንጋቱ የሱብሒ ሶላት በኋላ መቁጠሪያውን፣ ተስቢሁን፣ ይዞ ረጅም ጊዜ ይቀመጣል። እኔም አጠገቡ ተቀምጬ የታዘዝኩትን ትንፋሽ መከታተል ጀመርኩ። አንድ ጠዋት ከዚያ ተነሥቶ ጨርቅ ሊቆርጥ ሲል እጁን አየሁት። መቀሱን ከማሳረፉ በፊት ይንቀጠቀጣል። ሃያ ዓመት ሙሉ በዚያ እጅ ጎርሼ አንድም ቀን አላስተዋልኩትም፤ አፈርኩ። መንቀጥቀጡ መቼ እንደሚተወው ጠየቅኩት።

«አይተውም ልጄ» አለኝ። «ወላሂ፣ እስኪተወኝ ብጠብቅ ኖሮ ራቁታችሁን ታድጉ ነበር። እተነፍሳለሁ፣ ጋብ ሲል እቆርጣለሁ።»

በቀጠሮዬ ቀን ኮምቦልቻ ወረድኩ። ወረቀቱ ፊት እጄ እንደ ልማዱ ተንቀጠቀጠ፤ ያን ቀን ግን አልተጣላሁትም። ኃላፊው ሰዓታቸውን ሁለት ጊዜ እስኪያዩ ተቀመጥኩ። ተነፈስኩ፤ ጋብ ሲል ብሩሹን አወረድኩት። ዛሬም መስመር የማወርደው እንደዚያው ነው። ኃላፊው ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ወስደው አዩትና ሰኞ ሥራ እንድጀምር ነገሩኝ።

አባቴ ሱቅ ገብቼ መቀጠሬን ስነግረው፣ መጀመሪያ የጠየቀኝ እጄ መንቀጥቀጥ አለመንቀጥቀጡን ነበር። ተንቀጥቅጧል አልኩት። በእኛ ቤት እጅ የሚስመው ልጅ ነው። እሱ ግን መቀሱን አስቀምጦ የእኔን እጅ ስቦ ሳመው።