በሽፈራው ስም የሰጠሁት ብልቃጥ

ይህ የገጠመኝ በደርግ ዘመን፣ ላፍቶ አካባቢ በነበረ አንድ የእንጨት መሰንጠቂያ ስሠራ ነው። ዛሬ ሰማንያን ተሻግሬ እስከ ሀና ማርያም በእግሬ ደርሼ የምመለሰው በዚያች ቀን ምክንያት ስለሆነ ልረሳት አልችልም።

አስቀድሜ ስለ ራሴ ልናገር፤ ሌላ ሰው አሳንሶ እንዳያወራው። የትምህርት ቤት ደጅ አልረገጥኩም። ፊደል የለየሁት ስኳር ከተጠቀለለበት ጋዜጣ ላይ ነው። ኋላ የጤና መጽሐፍ ሳይቀር አነበብኩና ሠራተኛው ሲያመው ከክሊኒኩ በፊት ወደ እኔ ይመጣ ጀመር። አልጠጣም፣ አላጨስም። ሽንቴ እንኳ እንደ ጥሩ ጠላ ይኩረፈረፍ ነበር። ይህንንም የብርታት ምልክት ነው እያልኩ ለጓደኞቼ አወራለሁ። ማታ ማታ እግሬ ሲያብጥ በጫማዬ ላይ አላክክ ነበር።

የጭነት መኪናችን ሾፌር ሽፈራው የልብ ወዳጄ ነው። ሳቂታ፣ መጠጥ ሲያይ ግን እጁን የማይሰበስብ ሰው። አንድ ሰኞ ጠዋት ሾፌሮች ሁሉ ለጤና ምርመራ ሽንት እንዲሰጡ ታዘዘ። ሽፈራው ደግሞ እሁድን የዋለው ፉሪ፣ ሰርግ ቤት፣ አረቄ ላይ ነው። በዚያን ጊዜ እኛ ሠራተኞች ሽንት ሲመረመር አረቄው ቁልጭ ብሎ የሚታይ ይመስለን ነበር። ባዶ የፔኒሲሊን ብልቃጥ ይዞ ከእንጨት ክምሩ ጀርባ ጠራኝ።

«አንተ ጻድቅ፣ እስቲ ከዚያ ከምትኮራበት ትንሽ ስጠኝ።»

«ከምኑ?»

«ከአረፋው ነዋ! መኪናዋን ከነጠቁኝ ልጆቼን ምን ላበላቸው ነው?»

ሳቄ መጣ። ደስም አለኝ፤ ንጹሕ ሽንት ሲፈለግ ወደ ማን ይመጣል? ሞልቼ ሰጠሁት።

ከሰዓት በኋላ ክሊኒክ ተጠርቶ ሄደና ፊቱ አመድ መስሎ ተመለሰ። ሐኪሙ «ሽንትህ ውስጥ ብዙ ፕሮቲን አለ» ብሎታል። ኩላሊት ወንፊት ነው፣ ፕሮቲን የሚያሾልከው ሲጎዳ ነው፣ እዚያ ያሉት ጥቃቅን የደም ሥሮች ከተጎዱ የልብም ሥሮች ያሰጋሉ፣ ችላ ከተባለ ልብ ይደክማል ብሎ አስረድቶታል። የሽፈራው ደም ግፊት ግን ደህና ስለሆነበት፣ ግራ ገብቶት «ነገ ሌላ ሽንት አምጣ» ብሎ ሸኝቶታል።

«ሰማኸኝ? ያ ሽንት ያንተ ነው!» አለኝ።

«የእኔ? ሐኪሙ ገና ልጅ ነው፣ ተሳስቶ ነው» አልኩና ወደ መጋዜ ዞርኩ።

ሽፈራው ቆሞ አየኝ። ዝም ቢል በማግሥቱ የራሱን ሽንት ሰጥቶ መኪናዋን ይነዳ ነበር። እሱ ግን ተመልሶ ሄደና ለሐኪሙ «ሽንቱ የእኔ አይደለም። ባለቤቱ ግትር ነውና እርስዎ ያስጠሩት» አለው።

ተጠራሁ። ሐኪሙ ግፊቴን ለካ፣ እንደገና ለካ። እግሬን በጣቱ ሲጫነው እንደ ሊጥ ሰርጉዶ ቀረ። በዚያው ቀን ሆስፒታል ላከኝ፤ ልቤ መስፋት ጀምሮ ኖሯል። ጨው ተከለከልኩ፣ መድኃኒት ታዘዘልኝ። አንድም ቀን አላቋረጥኩም። እንደ እኔ ያለ ታዛዥ በሽተኛ ሐኪሞቹም ያዩ አይመስለኝም።

ሽፈራው መኪናዋን ተነጥቆ እንጨት ተሸካሚ ሆነ። አንድም ቀን አልወቀሰኝም። ማታ ከሥራ ስንወጣ በጤፍ ማሳው መሃል ጎን ለጎን እየሄድን «ያ አረፋ እንዴት ዋለ?» ይለኝና ይስቃል። ሳቁ ከማሳው ወዲያ ማዶ ይሰማ ነበር።

ዛሬ ማሳው ሁሉ ቤት ሆኗል። ሽፈራውም አፈር ከለበሰ ቆየ። እኔ ለክትትል ሀይሌ ጋርመንት አካባቢ ወዳለ ጤና ጣቢያ እመላለሳለሁ። ነርሷ የሽንት ዕቃውን ስትሰጠኝ «አባባ፣ ስምዎን ልጻፍልዎት?» ትለኛለች። እኔ ለማንም አላስጽፍም፤ እስክሪብቶዬን አወጣለሁ። ራሴ ያስተማርኩት ይህ እጄ ግን ሁልጊዜ መጀመሪያ የሽፈራውን ስም ሊጽፍ ይቃጣዋል።