የፕሉቶ አንድ ለአምስት

ሐሙሲት ኬላ ላይ ከሚኒባስ ያወረዱኝ በአንድ ጥቅል ባነር ምክንያት ነው። ባሕር ዳር አሳትሜው ወደ ደብረ ታቦር ስመለስ ነበር። ፈታሹ «ዘርጋው» አለኝ፤ አስፋልቱ ዳር ዘረጋሁት። ጥቁር መደብ ላይ ፕላኔቶች አሉ፤ በየፕላኔቱ ዙሪያ ክብ መስመር፣ በየመስመሩ ላይ ነጥብና ስም። ለትምህርት ቤታችን የሥነ ፈለክ ክበብ ያሠራሁት የጨረቃዎች ሥዕል ነው፤ የእኛይቱ ብቻ ሳትሆን የማርስም፣ የጁፒተርም፣ የሳተርንም፣ ከዚያ ወዲያ ያሉት እንደ ፕሉቶ ያሉ ድንክ ፕላኔቶች ያሏቸውም ጭምር። ፈታሹ ጫማውን ሳተርን ላይ አሳርፎ፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ፣ አንድ በአንድ አነበበ። ሲጨርስ ሬዲዮኑን አወጣ። ሚኒባሱ ጥቂት ጠበቀኝና ሄደ።

የፊዚክስ መምህር ነኝ። ሰው ያልገባውን ነገር ሲያነብ ፊቱ ምን እንደሚመስል ሃያ ዓመት ሙሉ ስመለከት ኖሬአለሁ። ስለዚህ የፈታሹን ፊት ሳይ አልደነገጥኩም፤ እንዲያውም ሳቄ መጣ። ጓደኛውም አየኝ። ወረቀቱ ላይ «ሲጠየቅ ሳቀ» ብሎ እንደጻፈ በኋላ ነው የሰማሁት።

ያስገቡኝ ደብረ ታቦር ውስጥ ድሮ የማዳበሪያ መጋዘን የነበረ ቤት ነው። ዩሪያው ከተነሣ ዓመታት አልፈዋል፤ ሽታው ግን ግድግዳው ውስጥ ቀርቷል፤ ጠዋት ጠዋት ዓይን ያቃጥላል። መስኮት የለውም። የጉና ብርድ በበሩ ሥር እየገባ ሲሚንቶው ላይ ይተኛል፤ እኛም ከሱ ጋር እንተኛለን። በባዶ ጆንያ ላይ ሌላ ጆንያ ደርበው ቦታ የለቀቁልኝ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። የድጓና የባሕረ ሐሳብ መምህር ናቸው፤ ሁላችንም የኔታ እንላቸው ነበር። የታሰሩበት ምክንያት አጭር ነው። «ተማሪዎችህ የት ገቡ?» ተብለው ሲጠየቁ «ለልመና ወጥተዋል» ብለው መለሱ። የቆሎ ተማሪ በየደጁ ለምኖ እንደሚበላ አገር ያውቃል። የጠየቃቸው ሰው ግን አሾፉብኝ ብሎ አሰራቸው።

የኔታ ሰማይ በማይታይበት ቤት ውስጥ ሆነው የጨረቃን ሌሊት በጣታቸው አንጓ ይቆጥሩ ነበር። አበቅቴ የሚባለውን የዓመቱን የጨረቃ ቁጥር ይዘው፣ ደምረው፣ ገድፈው፣ «ዛሬ አሥራ አንድ ሌሊቷ ነው» ይላሉ፤ አይሳሳቱም። እኔ በምን እንደታሰርኩ ስነግራቸው ስለ ጁፒተር ጠየቁኝ።

«ስንት ነው ያልኸው?»

«ወደ መቶ ይጠጋሉ፣ የኔታ።»

አሰብ አደረጉና «ታዲያ የነዚህን ሁሉ አበቅቴ ማን ይዞላቸው?» አሉ። እዚያ ቤት ውስጥ ስለ ባነሩ ከተጠየቅኋቸው ጥያቄዎች ሁሉ የማስተዋል ጥያቄ እሱ ብቻ ነበር።

ቤተሰቤ ይፋግ ነው፤ እናቴ እግሯን ስለሚያማት መምጣት አትችልም። ምሳ የምታመጣልኝ የክበባችን ምክትል፣ የኬሚስትሪ መምህርቷ ነበረች። ከደቡብ በምደባ የመጣች ሴት ናት፤ ከተማው ውስጥ አንድ ዘመድ የላትም። ዐቢይ ጾም ነበር። የእሷ ሃይማኖት ያን ጾም አያዛትም፤ ግን አንድ ቀን እንኳ ተሳስታ ቅቤ አልጨመረችም። ጠባቂዎቹ በር ላይ ከያንዳንዱ ምግብ እየቆረሰች እንድትቀምስ ያደርጓታል። እኔን ማየት አይፈቀድላትም። ምሳ ዕቃው ይገባል፣ ባዶው ይወጣል። የኔታ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስለሚጾሙ ግማሹን አስቀምጥላቸዋለሁ፤ ሲቀምሱት «ይህች ልጅ ድንች ታውቃለች» ይላሉ።

መርማሪው አርባዎቹ ውስጥ ያለ፣ የቆዳ ጃኬት የሚለብስ ሰው ነው። ድሮ ቀበሌ ለቀበሌ እየዞረ ሕዝብ ሲያደራጅ ነበር። ባነሩን ግድግዳው ላይ በሚስማር መትቶታል፤ አንዱ ሚስማር ኔፕቱን መሀል ላይ ነው።

«ፕሉቶ ማነው?» አለኝ።

«ድንክ ፕላኔት ነው።»

«ከሥሩ ስንት አሉ?»

«አምስት።»

ወንበሩን ደገፍ አለና «አንድ ለአምስት» አለ፣ ለራሱ ያህል።

እኔ ደግሞ ይኼን አላሰብኩትም ነበር። አንድ ለአምስት ያልተደራጀ ሰው በአገራችን ቢፈለግ አይገኝም፤ ገበሬው፣ መምህሩ፣ ተማሪው፣ እናቶች ሳይቀሩ አንድ መሪ፣ ከሥሩም አምስት ሰው እየሆኑ ስብሰባ ተቀምጠዋል። ሰውዬው ዕድሜውን ሲያደራጅ የኖረው በዚህ ነው፤ ሰማይም የሚታየው በዚሁ ነው። ካሮን፣ ኒክስ፣ ሃይድራ፣ ኬርቤሮስ፣ ስቲክስ። አምስቱን በየመስመራቸው ጻፋቸው። ጨረቃዎች መሆናቸውን ነገርኩት። «ጨረቃ አንዲት ናት፣ ሕፃን አታድርገኝ» አለኝ።

ከዚያ በኋላ በየቀኑ ይጠራኛል፤ እኔም እውነቱን ለመናገር እየተደሰትኩ እሄድ ነበር። ሜርኩሪና ቬነስ ጨረቃ የላቸውም ስለው «ገና ያልተደራጁ» ብሎ ጻፈ። ማኬማኬ የሚባለው ድንክ ፕላኔት አንዲት ጨረቃ አለችው፣ መደበኛ ስም ገና አልወጣላትም ስለው «ማንነቱ ያልተገለጸ አንድ አባል» አለ። ሳተርን ከሁለት መቶ በላይ እንዳሉት ስነግረው እስክሪብቶውን አስቀምጦ አየኝ።

«የሁሉም የበላይ ማነው?»

«ፀሐይ» አልኩት። ጻፈው።

መጋዘኑ ስመለስ ይህን ሁሉ ለየኔታ እያስመሰልኩ አወራላቸዋለሁ። ሌሎቹ እስረኞች ሆዳቸውን ይዘው ይስቃሉ። እኔም ብርዱን የቻልኩት በዚያ ሳቅ ነው፤ ሰውዬውን መናቅ ከጋቢ በላይ ያሞቀኝ ነበር። የኔታ ብቻ አይስቁም።

«ንቀው» አሉኝ አንድ ቀን። «መናቁስ ደግ። ስትንቅ ግን ዓይንህን ጨፍነህ አይዶለም። ገልጠህ ናቅ።»

አልገባኝም። ሽማግሌ ነገር ያበዛል ብዬ ተውኩት።

በሦስተኛው ሳምንት፣ ዓርብ ጠዋት፣ ስገባ መርማሪው ባነሩን አውርዶ ጠቅልሎታል። ሻይ አዘዘልኝ።

«ይኼን ያህል ደደብ እመስልሃለሁ?» አለኝ።

ሻዩን አልነካሁትም።

«ልጄ ስምንተኛ ክፍል ናት። ባነርህን ባየሁ ማግስት ጠየቅኋት። የጁፒተርን አራቱን ትልልቆች በቃሏ አወረደችልኝ። አዮ፣ ኢሮፓ፣ ጋኒሜድ፣ ካሊስቶ። ጨረቃ መሆናቸውን ካንተ በፊት ነው የሰማሁት።»

«ታዲያ ይኼ ሁሉ ጥያቄ ምንድነው?»

«ፋይል ተከፍቷል። የተከፈተ ፋይል የሚዘጋው በሰው ስም ነው።» ሻዩን ወደኔ ገፋ አደረገው። «ያንተን አልፈልገውም። አንተ የዚህ አገር ልጅ ነህ፤ ሽማግሌ ይላካል፣ ዘመድ ይሰበሰባል፣ ነገር ይበዛል። ምሳ የምታመጣልህ ሴትዮ ግን ማን አላት? የክበቡም ምክትል ናት። ካሮን የሚለው ስም የሷ ነው ብለህ ጽፈህ ፈርም። ሰኞ ክፍልህ ገብተህ ታስተምራለህ።»

ሦስት ሳምንት ሙሉ ደደብ ነው ብዬ የናቅሁት ሰው ደደብ አልነበረም። ለካ እሱ የጻፈው ሁሉ ፋይል መሙያ ነው፤ እኔ ቀልዴን ባበዛሁ ቁጥር ገጹ ይሞላለታል። ደደብነት ቢሆን ይቅር ይባላል። ይህ ሰው ግን ልጁ ያስተማረችውን ትምህርት ሰው ለማሰር የሚጠቀምበት ነው። ያን ጊዜ የተሰማኝ ንቀት የቀድሞው ዓይነት አይደለም፤ የሚያስቅም የሚያሞቅም ነገር አልነበረውም።

«እስከ ነገ ጠዋት አስብበት» አለኝ።

አሰብኩበት። ይኼን ሳልጽፍ ባልፍ ደስ ይለኝ ነበር። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ሙሉውን፣ ግድግዳ ተደግፌ፣ ስሌት ስሠራ ዋልኩ። ቢይዟት ምን ያህል ይይዟታል? ማስረጃ የላቸውም፤ ጥቂት ሳምንት ይበቃቸዋል። ከዚያ ወደ አገሯ ይልኳታል፤ እሷም ዝውውር ስትጠይቅ ስንት ጊዜዋ ነው። እንዲያውም ይጠቅማታል። እኔ ደግሞ እናቴ አለች፣ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎቼ ለፈተና ደርሰዋል። አንድም ስሕተት የሌለበት ስሌት ነበር፤ ለተማሪ ብሰጠው ሙሉ ነጥብ የሚያሰጥ።

ስሌቱን ለየኔታ ነገርኳቸው። እንዳስረዳኋቸው ሳይሆን ምክር እንደጠየቅኋቸው አድርጌ ነው የነገርኳቸው።

ምሳዋን እየበሉ ነበር። ዋጥ አደረጉና «ወንድ በአርባ ቀኑ ይጠመቃል፣ ሴት በሰማንያ ቀኗ» አሉ። «ስም የሚወጣላቸው ያን ለታ ነው። ይህችን ልጅ አንተ በስንት ዓመቷ ልታጠምቃት ነው? ክርስትና አባቷ ደግሞ ያ ባለ ጃኬቱ ነው?»



«ብላ» አሉኝ፣ ምሳ ዕቃውን እያስጠጉልኝ። «እጇን ሳትቀምስ አትፈርምባት።»

በላሁ። ድንች በቃሪያ ነበር፤ ቀዝቅዟል። እየበላሁ አለቀስኩ፤ የኔታም ወደ ግድግዳው ዞረው ጸሎታቸውን ቀጠሉ።

ቅዳሜ ጠዋት መርማሪው ወረቀትና እስክሪብቶ ሰጠኝ። ወረቀቱ ላይ «ካሮን የተባለው የሚከተለው ግለሰብ ነው» ተብሎ ተጽፎ፣ ከሥሩ ባዶ ቦታ ተትቷል። ረጋ ብዬ፣ ሰሌዳ ላይ በምጽፍበት ጽሕፈት፣ እንዲህ ብዬ ሞላሁት፦

«ካሮን የፕሉቶ ትልቋ ጨረቃ ናት። ስፋቷ የፕሉቶን ግማሽ ያህላል። ፕሉቶን ዞራ ለመጨረስ ስድስት ቀን ከዘጠኝ ሰዓት ገደማ ይፈጅባታል። ሁለቱ ሁልጊዜ ፊት ለፊት ናቸው፤ አንዱ ለሌላው ጀርባውን አይሰጥም። ከምድር ሆኖ በዓይን ማየት አይቻልም። ግለሰብ አይደለችም። ሌላ ካሮን አላውቅም።»

ሙሉ ስሜን ጽፌ ፈረምኩ። ወረቀቱ አናት ላይ እሱ በርቀታቸው ተራ ከዘረዘራቸው አምስት ጨረቃዎች ውስጥ ስቲክስና ሃይድራ ቦታ ተቀያይረው ነበርና በቀስት አስተካከልኳቸው።

አነበበው። ፊቱ አልተለወጠም።

«ይኼ መልስ አይደለም።»

«ልጅዎ ትረመው» አልኩት። «ሙሉ ካልሰጠችኝ የፈለጉትን እፈርማለሁ።»

እንደሚመታኝ ጠብቄ ነበር፤ አልመታኝም። ወረቀቱን አራት ላይ አጠፈና ክላሴሩ ውስጥ ሳይሆን ጃኬቱ ኪስ ውስጥ ከተተው። ከዚያ ጠባቂውን ጠርቶ «ውሰደው» አለ። ሁለት ቀን ለብቻዬ፣ ያለ ጆንያ፣ አንድ ጠባብ ክፍል ውስጥ አዋሉኝ። ወደ መጋዘኑ ስመለስ የኔታ የተረፈ ዳቦ አስቀምጠውልኝ ነበር። ምንም አልጠየቁኝም። ከዚያ በኋላ ሁለት ወር ቆየሁ፤ ምሳውም አንድ ቀን ሳይቀር ገባ። ባነሬን አልመለሱልኝም። እኔ ስወጣ የኔታ ገና እዚያው ነበሩ።

ለመምህርቷ ከመውጣቴ በፊት ከጠባቂዎቹ አንዱ ወሬ ነግሯት ኖሯል፤ ፈርመህ ሂድ ሲባል እምቢ ብሎ ትምህርት ሲጽፍ ነው የቀረው ብሏት። ምን ፈርም እንደተባልኩ አልነገራትም፤ እሱም አያውቅ ይሆናል። በተፈታሁ ሳምንት ቤቴ መጥታ ቆማ ጮኸችብኝ።

«አንዲት ፊርማ! አንዲት ፊርማ ፈርመህ ብትወጣ ምን ነበረበት? ሁለት ወር ሙሉ እዚያ በር ላይ ያስቆምከኝ በንቀትህ ነው። ሰው መናቅ ካልተውክ ገና ትሞታለህ!»

«እውነትሽን ነው» አልኳት።

በዓመቱ ዝውውሯ ተሳክቶላት አገሯ ገባች፤ አገባች፣ ወለደች። ለየበዓሉ ትደውላለች፤ ያቺን ፊርማ ሳታነሣ የዘጋችበት ቀን የለም። አንዳንዴ ልነግራት አፌ ላይ ይደርሳል። ብነግራት ግን ስሟን እዚያ ባዶ ቦታ ላይ የማሰፍረው ራሴ እሆናለሁ፤ ቀሪ ዘመኗን ልታመሰግነኝ ትገደዳለች። ሰው ያለ ጥፋቱ ምስጋና ውስጥ ሊታሰር አይገባም። ስለዚህ ትሰድበኛለች፣ እኔም እሰማታለሁ።

ባለፈው ፋሲካ ስትደውል፣ «አሁንም ሰው ትንቃለህ?» አለችኝ።

«ሁለት ሰው ብቻ» አልኳት።

ሳቀች። አንደኛው ባለ ጃኬቱ መርማሪ መሆኑን ሳትገምት አትቀርም። ሁለተኛው ያን ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ ግድግዳ ተደግፎ፣ የሷን እስር ሲያሰላ የዋለው ሰው መሆኑን አልነገርኳትም።