የእግረኞቹ ድንጋይ በጥሩዬ ወሰን

ጥሩዬ ከደባርቅ ዳር፣ ወደ ጊች ከሚወጣው መንገድ አጠገብ ላለችው የገብስ ማሳዋ ዘጠኝ ዓመት ተሟግታለች። ባሏ በሞተ በአርባኛው ቀን ወንድሙ ሀብተ ሚካኤል በሬ ጠምዶ ገባባት። ከዳኛ ዳኛ በእግሯ ስትመላለስ ኖራ በመጨረሻ ሽማግሌዎች፣ ቢነቀል እንኳ ቦታው እንዲታወቅ ከሥሩ ከሰል ቀብረው፣ አንድ ጥቁር ድንጋይ በወሰኑ ላይ አቆሙላት። ቄስ ወልደ ሩፋኤልም የነቀለው የተወገዘ ይሁን ብለው ገዘቱ። ከዚያ ወዲህ ሀብተ ሚካኤል ድንጋዩን እያየ ምራቁን ይውጥ ነበር።

በ1964 ዓ.ም. ከፈረንጅ አገር የእግረኞች ማኅበር መጣ። የሚሸጡት ሳይኖራቸው፣ ለቅሶም ሳይጠራቸው ተራራ ለተራራ የሚዞሩ ሰዎች ናቸው። የአገራቸውን የእግር መንገድ ከስሜን መንገድ ጋር ወንድማማች እናደርጋለን አሉ። መንገዱን ሊጠግኑት እንዳይመስላችሁ፤ ድንጋይ ሊለዋወጡ ነው። ከተራራቸው አንድ አምጥተዋል፣ ከእኛም አንድ ይወስዳሉ።

ድንጋይ እንዲመርጥ የታዘዘው ሹም ለመልቀም ማጎንበሱ ክብሩን ነካውና ከመንገዱ ዳር ቀጥ ብሎ የቆመውን አስነቀለ። የጥሩዬ የወሰን ድንጋይ ነበር። ከገበያ ስትመለስ ጉድጓዱን አገኘች። በማግስቱ ሀብተ ሚካኤል ጉድጓዱን ደፍኖ አሥር እርምጃ ወደ እሷ አረሰ። ግዝቱ የነቀለውን እንጂ ያረሰውን አይነካም ብሎ ተከራከረ፤ ሃይማኖተኛ ሰው ነው።

ጥሩዬ ሹሙ ዘንድ ሄደች።

«ድንጋይዎ ዕድለኛ ነው፤ አውሮፕላን ተሳፈረ» ብሎ ሳቀ። እሱ ራሱ ከጎንደር አልፎ አያውቅም።

«መሬቴስ ጌታዬ?»

«እሱን ዳኛ ይጠይቁ።»

ሌላ ዘጠኝ ዓመት መሆኑ ነው፤ ጥሩዬ ደግሞ ስድሳ አልፏታል። ከሹሙ ደጅ እንደወጣች የፈረንጆቹ ድንጋይ ኖራ በተቀባ መደብ ላይ ወደተቀመጠበት ሄደች። በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ አዝላ ወሰደችው። ከሰሉን እስክታገኝ ቆፈረችና ከላዩ ተከለችው።

ሹሙ ሁለት ዘበኞች አስከትሎ መጣ።

«ወንድማማች ናቸው ያላችሁት እናንተ ናችሁ» አለችው። «ወንድም በሌለበት ወንድሙ ይቆማል። የእኔን ስትመልሱልኝ ይህን ትወስዳላችሁ።»

ቄስ ወልደ ሩፋኤል ቀድመው ደርሰው ነበርና ግዝቱን እንደገና አሰሙ። ዘበኞቹ እጃቸውን ሰበሰቡ። ሹሙ ግን ከግዝቱ ይልቅ ፈረንጆቹን ፈራ፤ በየዓመቱ እየመጡ ድንጋያቸውን ሊጎበኙ ቃል ገብተዋል። ስለዚህ በመንግሥት ወጪ በሽቦ አሳጠረው፣ ዘበኛም አቆመለት። የዘበኛው የመጀመሪያ ሥራ ሀብተ ሚካኤልን ከነበሬዎቹ ማባረር ሆነ።

በዓመቱ እግረኞቹ መጥተው ከድንጋዩ ጎን ፎቶግራፍ ተነሡ። ጥሩዬ ገብሷን እያጨደች አየቻቸውና ሹሙን ጠራችው።

«ሌላ ድንጋይ እንዳላቸው ጠይቅልኝ» አለችው፤ «በታች በኩልም ጎረቤት አለኝ።»