ቡጢ በቡና መጋዘን

በጥፊ የተመታሁት በአራተኛ ክፍል ተማሪዎቼ ፊት ነው። ዘመኑ የጃንሆይ፣ ወሩ ጥቅምት ነበር፤ ክፍልፋይ አስተምራለሁ። ከኋላ የተቀመጠች ልጅ ግማሽና ሩብ አልለይላት ሲል፣ በቤቷ ቋንቋ፣ በኦሮምኛ፣ አንድ ብርቱካን ለሁለት፣ ከዚያም ለአራት ስንከፍለው ምን እንደሚሆን አስረዳኋት። ገባትና ሳቀች። ርዕሰ መምህሩ በሩ ላይ ቆሞ ሲሰማ ኖሯል። ገብቶ ጉንጬን አጮለውና «እዚህ የሚነገረው አማርኛ ብቻ ነው!» ብሎኝ ወጣ።

እኔስ ምን አደረግሁ? እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ፣ ጎንበስ ብዬ፣ «እሺ ጌታዬ» አልኩት። ልጆቹ ሁሉ አዩኝ። እስካሁን የሚያንገበግበኝ ጥፊው አይደለም፤ ያቺ ጎንበስ ማለቴ ናት።

በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መቱ ገበያ ዳር ወዳለው የቡና መጋዘን ሄድኩ። ጡረታ የወጡ አንድ ሃምሳ አለቃ እዚያ ቦክስ ያስተምሩ ነበር። ስለ ቦታው ላስረዳ። ሪንግ የምንለው በአራት ምሰሶ ላይ የተወጠረ ገመድ ነው። የምንደበድበው ደግሞ የቡና ገለፈት የተጠቀጠቀበት ጆንያ ሲሆን፣ በተመታ ቁጥር አቧራው አፍንጫ ይሞላል። ጓንቱ ሁለት ጥንድ ብቻ ስለሆነ ተራ እንጠብቃለን።

«ለምን መጣህ መምህር?» አሉኝ።

«ለጤናዬ ነው ጋሼ።»

«ፊትህ ግን የጤና አይመስልም» ብለው ሳቁ።

ቦክስ ሰው እንደሚያስበው የእጅ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ግራ እግር ይቀድማል፣ ጉልበት ላላ ይላል፣ አገጭ ወደ ደረት ይገባል፤ ቡጢው ከተረከዝ ተነስቶ፣ በዳሌ ዞሮ ነው ትከሻ ላይ የሚደርሰው። ይህን ሁሉ ደብተሬ ላይ ጽፌ፣ ሥዕል ሠርቼለት፣ ቤቴ እለማመድ ነበር። ጆንያውን ስመታ የሚታየኝ አንድ ፊት ብቻ ነው። እጄ ዝቅ ካለ ሃምሳ አለቃ «ሀርካ ኬ ኦል ቀቢ! እጅህን አንሳ!» ብለው ይጮኹብኛል።

የካቲት ላይ ያ ፊት ራሱ መጣ። የጤና ጣቢያው ድሬሰር ቦርጩን እንዲቀንስ መክሮት ኖሮ፣ ርዕሰ መምህሩ በካኪ ቁምጣ መጋዘኑ በር ላይ ቆመ። የሚደባደበው ሁሉ ድብድቡን ትቶ፣ ጓንት ያጠለቀውም እንዳጠለቀ፣ እጅ ነሳው።

ሃምሳ አለቃ ከእኔ ጋር አጣመሩት። ገመዱን አልፎ ሲገባ ደሜ ፈላ። ሆኖም በየጠዋቱ እንደማደርገው እጄን ዝቅ፣ አንገቴን ሰበር አድርጌ «እንደምን ዋሉ» አልኩት። በዚያችው ቅጽበት አፍንጫዬ ላይ አሳረፈብኝ።

«እግዚአብሔር ይመስገን ማለቱ ነው፣ መምህር!» አለ ከገመዱ ውጭ ተራ የሚጠብቅ አንድ የጭነት መኪና ሹፌር። መጋዘኑ በሳቅ ተናጋ።

«ሰላምታው ይቅር!» ጮኹ ሃምሳ አለቃ። «ሩኩቲ! ምታ!»

መታሁ። ግራ፣ ግራ፣ ከዚያ ቀኝ፤ ከተረከዝ ተነስቶ በዳሌ የዞረ፣ ልክ ደብተሬ ላይ እንደተጻፈው። አገጩን አገኘሁትና በቂጡ ቁጭ አለ። ለዚህች ደቂቃ አራት ወር ለፍቻለሁ! ግን አንድ ትንፋሽ እንኳ አላጣጣምኳትም። ሳላስበው ዘልዬ ጎንበስ አልኩ፤ በሁለት እጄ ደግፌ አነሳሁት፤ በጓንቴ የቁምጣውን አቧራ እያራገፍኩ «ይቅርታ ጌታዬ፣ በጣም ይቅርታ» እል ጀመር። እሱም የሚገባው ይመስል፣ ቀጥ ብሎ ቆሞ አቧራውን አስራገፈኝ።

ሃምሳ አለቃ ጓንቴን ሲፈቱልኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «እጅህን አስተምሬዋለሁ። ወገብህን ግን እኔ አልችለውም» አሉኝ። ቤቴ እስክደርስ ከራሴ ጋር እየተጣላሁ ሄድኩ።

ሰኞ ጠዋት ባንዲራ ከተሰቀለ በኋላ፣ እንደ ልማዳችን መምህራን ተራ በተራ በርዕሰ መምህሩ ፊት እያለፍን እጅ የምንነሳበት ሰዓት ደረሰ። አገጩ አብጧል። የእኔ ክፍል ልጆች ከፊት ተሰልፈዋል። ተራዬ ሲደርስ ወገቤ መታጠፍ ሲጀምር ተሰማኝ። ግራ እግሬን አስቀደምኩ፤ ጉልበቴን አላላሁ። ሁለቱን እጆቼን ኮቴ ኪስ ውስጥ ከትቼ፣ ቀጥ ብዬ፣ «እንደምን አደሩ» አልኩት።

የቀረችውን ጎንበስ ማለቴን ጠበቀ። ከዚያ ኪሴን አየ።

«እጅህን አውጣ» አለኝ።

«ይበርደኛል» አልኩና ወደ ክፍሌ ገባሁ። በሩን ክፍት ትቼ፣ ክፍልፋይን እንደገና ከብርቱካኑ ጀመርኩ፤ በኦሮምኛ።