ሲስተሙ ላይ ያልተራገፈ ማንጎ

አሶሳ ውስጥ የጉምሩክ አስተላላፊ ነኝ። ድንበር የሚሻገር ዕቃ ያለው ሰው እኔ ዘንድ ይመጣል፤ ምን እንደጫነ፣ በየትኛው መኪና እንደጫነ፣ ወዴት እንደሚሄድ ዲክላራሲዮን እሞላለታለሁ። ወላጆቼ በደርግ ጊዜ ከወሎ የመጡ ሰፋሪዎች ናቸው። ምላሴንም ከእናቴ ወርሻለሁ፤ ማንንም አይፈራም። ባለፈው የማንጎ ወቅት ግን ያ ምላስ ምንም አልፈየደልኝም።

ድሮ ዲክላራሲዮን ወረቀት ነበር። መንገድ ላይ አንድ ነገር ከተለወጠ ኬላው ላይ ያለው ሰው ጀርባው ላይ በእስክሪብቶ ይጽፍበታል፣ ይፈርማል፣ ማኅተም ያሳርፍበታል፣ በቃ። ከዚያ ሁሉም ነገር ኮምፒውተር ውስጥ ገባ። ስልጠናው ላይ አጨብጭቤያለሁ፤ ለምን አላጨበጭብ? ወረቀት ታቅፎ ከቢሮ ቢሮ መንከራተት ያንገሸገሸኝ ሰው ነበርኩ።

ሰፈራችን ውስጥ ሐጃ እያልን የምንጠራቸው የበርታ ብሔረሰብ እናት አሉ። ጓሯቸው ሙሉ ማንጎ ነው። አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋቸው ስለሆነ ወንዱንም ሴቱንም «አንተ» ይላሉ፤ ሴት ብሆንም እኔንም እንደዚያው፤ ከእሳቸው አፍ ሲወጣ ደግሞ ደስ ይለኛል። የዚያን ሰሞን ልጃቸው አራስ ነበረች። የጎጆዋ ሣር በስብሶ ስለነበር ክረምት ሳይገባ ቆርቆሮ ሊያለብሱላት ቆርጠዋል። ማንጎው ድንበር ተሻግሮ ከተሸጠ ቆርቆሮው ይገዛል፤ ካልተሸጠ አራሷ ከነሕፃኗ ዝናብ ሊወርድባት ነው። ነገሩ ይኸው ነው፣ ሌላ የለውም።

በአይሱዙ ተጫነ። ሐጃም ጋቢና ገቡ። ሾፌሩን ሰሌዳው ሲስተሙ ላይ ስለተመዘገበ መኪና እንዳይቀይር አስጠነቀቅኩት። ደህና መኪና እያለው ምን ሊያስቀይረው እንደሚችል ጠይቆ ሳቀብኝ።

ከሆሞሻ አለፍ ብሎ መኪናው ተበላሽቶ ቆመ። በዚያ መንገድ ደግሞ የቆመ መኪና አይቶ የሚያልፍ ሾፌር የለም፤ ካለፈ ሰው አይደለም። ከኋላ የመጣ ባዶ አይሱዙ ቆመላቸው፣ የሰፈሩ ሰው ወጣ፣ ተረባርበው ማንጎውን ወደ እሱ ገለበጡት። የእኛው ሾፌር ደወለልኝ፤ ድምፁ የሠርግ ቤት ድምፅ ነበር። «አይዞሽ፣ አንድም ሳይፈርጥ ገለበጥነው» አለኝ። ምን ልበለው? እግዜር ይስጥህ አልኩት፤ የሚገባውም እሱ ነበር።

ኬላው ላይ ያለው ተቆጣጣሪ ደግ ልጅ ነው፤ ለዚህም ነው ልሰድበው ያልቻልኩት። «እህቴ፣ ማንጎው ፊቴ ነው፣ ሐጃም ፊቴ ናቸው» አለኝ። «ሲስተሙ ግን መኪናው አልደረሰም ይለኛል።» በእስክሪብቶ አስተካክለው እንዳልለው፣ ምን ላይ ይጻፍ?

የማስተካከያ ጥያቄ ልልክ ስል ኔትወርክ የለም። ኔትወርክ ሲመጣ ላክሁ፤ «በሂደት ላይ» አለኝ። የሚያጸድቁት ሰው ስብሰባ ላይ ናቸው ተባልኩ። ከስብሰባ ወጡ ሲባል ሲስተሙ ተኛ። ለመንኩ፣ ጮህኩ፣ መልሼ ለመንኩ። ያቺን ክብ የምትሽከረከር ምልክት አያለሁ፤ እሷ ትዞራለች፣ እኔ እቀመጣለሁ። ጨርቄን ጥዬ ልሄድ ምንም አልቀረኝም።

የድንበሩን ሙቀት የሚያውቅ ያውቀዋል። ሐጃ ጆንያ በውሃ እየነከሩ ጭነቱን ሲያለብሱ ከረሙ። መጀመሪያ ላይ ይደውሉልኝ ነበር፣ በኋላ ተዉት። ተቆጣጣሪው ሽታው መስኮቱ ድረስ እንደመጣ ነገረኝ። ከዚያ ጭማቂው በመኪናው ወለል መንጠባጠብ ጀመረ። የሁለተኛው አይሱዙ ሾፌርም መኪናው ስለሚፈለግ ከዚህ በላይ መቆም አልቻለም። ሐጃ ማንጎውን ራሳቸው እያወረዱ ጣሉት፤ የድንበሩ ፍየሎች ጠገቡ።

ማስተካከያው የጸደቀው ከዚያ በኋላ ነው። ወይ ጉድ አልኩ። አሁን መኪናው ተስተካክሏል፣ ማንጎ የለም። ሲስተሙ ደግሞ ዕቃው ኬላው ላይ ካልተራገፈ ዲክላራሲዮኑን አልዘጋም አለ። በስብሷል፣ ተጥሏል የሚባልበት ቦታ ፈልጌ አጣሁ። አንዱ ሳይዘጋ በሐጃ ስም ሌላ አይከፈትም። ዘግይተው የሚያፈሩ ዛፎች ነበሯቸው፤ ቆርቆሮውን በእነሱ ልናወጣው ተስፋ አድርገን ነበር። በየጠዋቱ እከፍተዋለሁ፤ ማንጎው ዛሬም ጉዞ ላይ ነው ይለኛል።

የመጀመሪያው ዝናብ የጣለ ዕለት ሐጃ ቢሮዬ መጡ። ጠርዙ የረጠበ መከናነቢያ ቶባቸውን ሰበሰብ አድርገው ተቀመጡ። አራሷ እንዴት ናት ስላቸው፣ ሕፃኗን ይዛ እሳቸው ክፍል እንደገባች፣ ጎጆዋ በአንድ ጎኑ እንደተደረመሰ ነገሩኝ። አልተቆጡኝም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ዛፎቹ ላይ ያለው ማንጎ መውደቅ ጀምሯል አሉኝ። ሲስተሙ አሁንም የፊተኛውን ማንጎ እየጠበቀ እንደሆነ አስረዳኋቸው።

ሐጃ ስክሪኑን ብዙ አዩት።

«ልጄ፣ ማንጎውን እኔ በእጄ ጣልኩ» አሉ። «አንተ ቦታውን አሳየኝ፣ እኔ ራሴ እነግረዋለሁ።»

ተነስቼ ወንበሬን ለቀቅኩላቸው። ተቀመጡ፣ እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ አድርገው ጠበቁኝ። የማሳያቸው ቦታ አልነበረኝም።