እናቴን የጠበቅኩበት ሐሙስ

እናቴ “አንቺ” ካለችኝ ቀኑ ደህና ነው። “እርስዎ” ካለችኝ አላወቀችኝም። ጠዋት ከመኝታዋ ስትነሳ የመጀመሪያዋን ቃል እስክሰማ ድረስ ትንፋሼን ይዤ እቆማለሁ። “አንቺ፣ ነጠላዬን የት አባሽ አደረግሽው?” ስትለኝ ስድቧ ራሱ ደስ ይለኛል። “ይቅርታ የኔ እመቤት፣ እዚህ ቤት ነው የሚኖሩት?” ስትለኝ ግን እናደዳለሁ። በሽታ መሆኑን ሐኪሙ ነግሮኛል፤ ማወቄ ንዴቴን አላስቀረልኝም።

ካዛንቺስ የነበረው ቤታችን ፈርሶ ቡልጋሪያ አካባቢ፣ ከአንድ ጋራዥ ጀርባ ሁለት ክፍል ከተከራየን ወዲህ ባሰባት። እዚያ ሳለንም ትረሳ ነበር፤ ግን ከበር ስትወጣ እግሯ ራሱ ወደ ቤተ ክርስቲያን ይወስዳት ነበር። መንገድ ከሳተች ደግሞ ከጎረቤት አንዱ እጇን ይዞ ይመልሳታል። አሁን ጎረቤቶቻችን በየኮንዶሚኒየሙ ተበትነዋል። እዚህ የጋራዡ መዶሻ ሲቀጠቅጥ ይውላል፣ እሷም በሩ ላይ ቆማ የማታውቀውን ግቢ ታያለች።

ያልረሳችው አንድ ነገር መቁረብ ነው። እኔ ልጅ ሳለሁ ጀምሮ ቆራቢ ናት። የሞተውን አባቴን “ገበያ ሄዷል” የምትል ሴት፣ ቅዳሜ ከሰዓት ሲሆን ማንም ሳይነግራት ነጭ ልብሷን ታወጣለች። ችግሩ ጾሙ ነው። የሚቆርብ ሰው አሥራ ስምንት ሰዓት እህል ውሃ አይቀምስም፤ የምትረሳ ሴት ደግሞ መጾሟንም ትረሳለች። ስለዚህ ጠባቂዋ እኔ ሆንኩ። ዳቦውን ቁም ሳጥን አናት ላይ እሰቅላለሁ፣ ውሃውን እደብቃለሁ፣ ማጀቱን እቆልፋለሁ። “ያልጠረጠረ ተመነጠረ” የሚለው ተረት ሃይማኖቴ ሆኗል ብል ብዙም አላጋነንኩም።

በዐቢይ ጾም አንድ እሁድ፣ ለመቁረብ ተሰልፋ ሳለ፣ ከኋላዋ የቆመች ሴት የነጠላዋ ጫፍ መቋጠሩን አየች። ቋጠሮው ላልቶ ስለነበር ውስጡ የተቆረሰ ዳቦ ታየ።

“እማማ በልተዋል እኮ!” አለች፣ ድምጿን እንኳ ዝቅ ሳታደርግ። “ልጅ የላቸውም እንዴ? ኧረ በእግዚአብሔር!”

ልጇ እኔ ነኝ፤ ከጎን ቆሜያለሁ። እናቴን በክንዷ ይዤ ከሰልፉ አወጣኋት። እስከ በሩ ድረስ ወደ ኋላ እየዞረች “ተራዬ ደርሶ ነበር እኮ” ትለኝ ነበር። ሴትዮዋን ባንቃት ደስታዬ ነበር። ቤት ስንገባ ግን የጮህኩት እናቴ ላይ ነው።

በሳምንቱ የንስሐ አባታችን ሊያዩን መጡ። ከካዛንቺስ ጀምሮ የሚያውቁን ሽማግሌ ቄስ ናቸው፤ ወንጌልን ሲያስረዱ ሁልጊዜ ከአይሁድ ሥርዓት መነሳት ይወዳሉ። ቋጠሮውን ነገርኳቸው። እናቴ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ መቁጠሪያዋን ትቆጥራለች።

“ዳቦው አይደለም ያሳሰበኝ” አሉ። “ጾም ዛሬ ቢፈርስ ለሌላ ቀን ይጾማል። የምትቀበለውን ታውቃለች ወይ? እሱን ሳላይ ትቁረብ ማለት ይከብደኛል።”

“እኔን የማታውቅ ሴት ምን ታውቃለች ብለው ነው አባ?” አልኳቸው። አፌ አመለጠኝ። እናቴ ቀና ብላ አየችኝና ወደ መቁጠሪያዋ ተመለሰች።

“አይሁድ የፋሲካውን በግ በማኅበር ነው የሚበሉት” ብለው ጀመሩ። “ማን ከማን ጋር እንደሚበላ አስቀድሞ የታወቀ ነው። ማዕዱ ግን ሌሊት ነው፤ ሰው ይደክመዋል። ሊቃውንታቸው ለዚህ ሥርዓት ነበራቸው። ከማኅበሩ አንዳንዶቹ ቢተኙ ሲነቁ ይበላሉ፤ የነቁት ማዕዱን አቆይተውላቸዋልና። ሁሉም ከተኙ ግን አበቃ። ማኅበሩ ፈረሰ፤ ቢነቁም መብላት የለም። ያንጎላጀ ደግሞ እንደተኛ አይቆጠርም ያሉ አሉ። ያንጎላጀ ማለት ምን ዓይነት ነው? ሲጠሩት አቤት ይላል። ነገር ቢጠይቁት መልሱ አይመጣለትም። ቢያስታውሱት ግን ያስታውሳል።”

ይህን ሲሉ እናቴን ያዩ ነበር።

“ጌታ ከማዕዱ ተነሥቶ ወደ አትክልቱ ስፍራ ሲወርድ፣ ከእኔ ጋር ትጉ ያላቸው ለምን ይመስልሻል? እየተመለሰ የቀሰቀሳቸውስ? ከሚይዙት ሰዎች እንዲያስጥሉት አይደለም። ያ ማኅበር እንዳይፈርስ ነው ብለው የሚተረጉሙ መምህራን አሉ። መትጋት የዘበኛ ሥራ ብቻ አይደለም፣ ልጄ። ከማዕድ የራቀውን ማሰብም ነው።” ከዚያ ተነሡ። “ለጸሎተ ሐሙስ ይዘሻት ነይ። ያን ጊዜ እኔው ራሴ አያታለሁ።”

ከዚህ ሁሉ ትምህርት የያዝኩት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እንዳልተኛ። ሐሙስ እህል በአፏ ከገባ እንደገና አይፈቅዱላትም፣ ዓመት የማትደርስም መስሎ ታየኝ። ሜክሲኮ ካለው መሥሪያ ቤቴ ፈቃድ ወሰድኩ። ረቡዕ ማታ አብሬያት አንድ አልጋ ላይ ተኛሁ፤ ማለቴ ጋደም አልኩ እንጂ ዓይኔን አልከደንኩም።

ጠዋት ግን ጉልባን ጣድኩ። ሐሙስ ነዋ! ባቄላና ስንዴው የሚቀቀለው እስራኤል ከግብፅ ሲወጡ ሊጡ እስኪቦካ ጊዜ አጥተው መቸኮላቸው እንዲታሰብ ነው። “በጸሎተ ሐሙስ ጉልባን የሌለው ቤት ሰው የሌለበት ቤት ነው” እያለች ያሳደገችኝ ራሷ ናት። ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ይደርሳል ብዬ ነው። ዳቦ የምሰቅል ሰው ቤቱን ሙሉ የሚያውድ ድስት በገዛ እጄ መጣዴ! ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይሄ ነው።

ድስቱን ከእሳት አውርጄ እንዳበቃሁ ከግቢው “ውሃ መጣች!” የሚል ጩኸት ሰማሁ። ውሃ ከሄደች ሰንብታ ነበር። ጀሪካን ይዤ ሮጥኩ። ማጀቱን አልቆለፍኩም።

ስመለስ እናቴ ድስቱ ላይ ጎንበስ ብላለች። እጇ ውስጥ ነው፤ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል።

ጀሪካኑ ከእጄ ወደቀ። “ትፊው!” ብዬ ጮህኩ። በሁለት ጣቴ አገጯን ይዤ አፏን ከፈትኩት፤ ሌላውን ጣቴን አስገብቼ በጉንጯ፣ በምላሷ ሥር፣ በድዷ ዙሪያ ፈለግኩ። አልታገለችኝም። ዓይኗን አፍጥጣ ትንቀጠቀጥ ነበር። አፏ ባዶ ነበር። ከትናንት ጀምሮ ውሃ ያልነካው ምላሷ እንደ ደረቅ ጨርቅ ጣቴ ላይ ተለጠፈ።

እጄን ሳወጣ ክርኔ ድስቱን ገፋው። ጉልባኑ ወለሉ ላይ ተበተነ። ያኔ ነው የነጠላዋን ጫፍ ያየሁት፤ ቀድማ ከድስቱ የዘገነችውን ቋጥራበታለች፣ ርጥበቱ በጨርቁ ወጥቷል። እጄን ስዘረጋ ወደ ደረቷ ሳበችው።

“እባክዎ እሱን አይንኩብኝ” አለችኝ። “የልጄ ነው። ሥራ ውላ ርቧት ነው የምትመጣው። እሷ ሳትመጣ አይቀመስም።”

ልጅ ሳለሁ ከማኅበርም ከለቅሶም ስትመለስ የነጠላዋን ጫፍ ፈትታ ግማሽ ዳቦ ትሰጠኝ ነበር። ሁልጊዜ ግማሽ፣ በእጅ የተቆረሰ። በሰልፉ መሐል ያፈርኩበት ቁራሽ ያው ነበር። በላች ያለችው ሴት ምን ታውቃለች? እኔ ግን ያንን ዳቦ ስበላ ያደግሁ ነኝ። አፈርኩ፤ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም።

መሬት ተንበርክኬ ባቄላውን መልቀም ጀመርኩ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች አሉ። እንባዬ ሲወርድ አይታ እሷም ጉልበቷን እያቃሰተች አጠገቤ ተቀመጠች።

“አይዞዎት” አለችኝ፤ “እኔም ይወድቅብኛል።”

ቤተ ክርስቲያን ስንደርስ እግር እየታጠበ ነበር። የቁርባን ሰዓት ሲደርስ የንስሐ አባታችን ወደ እኛ መጡ፤ ሕማማት ስለሆነ መስቀል አላሳለሙንም። እናቴ ፊት ጎንበስ ብለው በክርስትና ስሟ ጠሯት።

“አቤት” አለች ወዲያው።

“ዛሬ ምንድን ነው?”

ፈለገችው። ግንባሯ ተኮማተረ፣ ወደ ጣሪያው አየች፣ ወደ እኔ አየች። ልነግራት አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት። የቆራቢዎቹ ሰልፍ መንቀሳቀስ ጀመረ።

“ጌታ ከሐዋርያቱ ጋር ተቀምጧል” አሉ ቄሱ ቀስ ብለው። “ማዕዱ ተዘርግቷል።”

ፊቷ ተፈታ። “ሥጋውና ደሙ ነዋ፣ አባቴ” አለች። “አልቀመስኩም እኮ። እህል በአፌ አልገባም።” እጇን ወደ እኔ ዘረጋች። “እኚህን ሴትዮ ይጠይቋቸው። አፌን ከፍተው አይተዋል።”

ቄሱ ቀና ብለው አዩኝ።

“እውነቷን ነው” አልኩ።

“ሂጂ፣ ተሰለፊ” አሏት።

እኔ ከቆረብኩ ዘመን አልፏል፤ ግድግዳውን ተደግፌ ቆየሁ። ዛሬ ከኋላዋ ማንም ምንም አላላትም። ስትመለስ አፏን በነጠላዋ ሸፍና፣ ሌላውን ጫፍ በጡጫዋ ጨብጣ ነበር። ጸበሏን ጠጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ጥቂት አረፈችና ቋጠሮውን ፈታችው። ጉልባኑ ቀዝቅዞ እርስ በርሱ ተጣብቋል። እጄን ይዛ መዳፌ ላይ ገለበጠችውና ጣቶቼን አንድ በአንድ አጠፈቻቸው።

“እኔ ስለምረሳ ነው” አለችኝ። “ልጄ ስትመጣ ይስጡልኝ። ሳትበላ እንዳትተኛ።”

“እሺ” አልኳት።